ወርሃዊ ኮንታክት ሌንስ ኮዬ ፈጬ ላይ፦ በጋውን ከተጠቀምኩበት በኋላ

ካለፈው መስከረም ጀምሮ ወርሃዊ ኮንታክት ሌንስ እያደረግኩ ነው፤ በመነጽር ፈንታ ዓይን ላይ የሚያርፍ፣ ወር ሲሞላው የሚጣል ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ የምሠራው ቦሌ ነው። ስለ ሌንሱ ብቻ ከጠየቃችሁኝ በጣም ጥሩ ዕቃ ነው። እዚህ ሰፈር እየኖሩ በየቀኑ ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሰው የሚያማርረው ውሃውና አቧራው ነው።

የመነጽሬ ቁጥር ቀኝ ማይነስ 7፣ ግራ ማይነስ 6.50 ነው። ያለ መነጽር ቀኝ ዓይኔ አጥርቶ የሚያየው እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ብዥ ይላል። ክረምት ላይ መነጽሬን ዝናብ ሲመታው ሚኒባሱ የት እንደሚሄድ የማውቀው ረዳቱ ሲጣራ ነበር። ወደ ሌንስ የገፋኝም ይኸው ነው።

ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሌንስ ቁጥር ከመነጽር ቁጥር ጋር ሁልጊዜ አንድ አይደለም። መነጽር ከዓይን ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ሌንስ ግን ዓይን ላይ ያርፋል። ስለዚህ ማይነሱ ከ4 በላይ ሲሆን ለሌንስ ዝቅ ይደረጋል። የኔ ቀኝ 6.50፣ ግራ 6 ሆነ። ካርቶኑ ላይ 8.6 እና 14.2 የሚሉ ቁጥሮችም አሉ። የመጀመሪያው የሌንሱ ጉብጠት፣ ሁለተኛው ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። እነዚህን የሚወስነው ዓይናችሁን የለካ ባለሙያ ነው። የመነጽር ወረቀት ይዞ ሱቅ ሄዶ መግዛት አያዋጣም።

እይታው ግን እንዴት ደስ ይላል! እንደኔ ያለ ከባድ ማይነስ መነጽር ነገሩን ሁሉ ያሳንሳል። በሌንስ የሰው ፊት በልኩ ታየኝ። በጎን የሚመጣ ባጃጅ አንገቴን ሳላዞር ይታየኛል። ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ለውጥ ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። እንጀራ ስጋግር አክንባሎውን ባነሳሁ ቁጥር መነጽሬ በእንፋሎት ይጋረድ ነበር፤ አሁን ያ የለም። ለዶሮ ወጥ የሚከተፈው ያ ሁሉ ሽንኩርትም አያስለቅሰኝም። ሌንሱ ጥቁሩን የዓይን ክፍል ስለሚሸፍነው ትነቱ እንደ ልቡ አያገኘውም። ቃሪያ ግን ጠላት ነው። ማቃጠሉ በሳሙና ቶሎ አይለቅም፣ ጣት ላይ ይቆያል። ስንግ በምሠራበት ቀን አስቀድሜ ሌንሱን አወልቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቃሪያ የምነካው።

ጎረቤቴ እማማ አንድ ቀን ሌንሱን ጣቴ ላይ አዩት። «ይሄን ላስቲክ ነው ዓይንሽ ውስጥ የምትከቺው? በማርያም፣ ተይ ልጄ! ወደ ኋላ ቢገባብሽስ?» አሉኝ። «አይዞዎት እማማ፣ ከኋላ ዝግ ነው፣ መሄጃ የለውም» አልኳቸው። እውነትም ነው። የዓይንን ነጭ ክፍል የሚሸፍነው ስስ ቆዳ ዞሮ ከቆቡ ውስጠኛ ክፍል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሌንስ ከዚያ አያልፍም።

አሁን ወደ ውሃው። በኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሌንስ ደግሞ ጠዋትም ማታም በሳሙና የታጠበ እጅ ይፈልጋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ያው ውሃ ራሱ ሌንሱን መንካት የለበትም። በቧንቧ ውሃ፣ በሮቶና በጀሪካን ውሃ ውስጥ አካንታሜባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። በሌንስ ተሳፍሮ ዓይን ላይ ከተቀመጠ ክፉ ቁስል ያመጣል፣ ሕክምናውም ረጅም ነው። ክሎሪን ውሃው ውስጥ ስላለ ብቻ አይሞትም። ስለዚህ እጅን መታጠብ ብቻ ሳይሆን ማድረቅም ግዴታ ነው። ሶፍት ብናኙን ጣት ላይ ይተዋል፣ ያ ብናኝ ሌንሱ ላይ ይለጠፍና ቀኑን ሙሉ ይቆረቁራል። እኔ ያገኘሁት መፍትሔ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ የነጠላ ቁራጭ ነው። ለዚህ ብቻ ነው የምጠቀምበት፣ በየጊዜው እየታጠበ ይቀየራል።

ሌንሱን ጣት ጫፍ ላይ አስቀምጡና በብርሃን በኩል በጎን እዩት። ጠርዙ እንደ ስኒ ቀጥ ብሎ ከቆመ ትክክል ነው። ወደ ውጭ ከተዘረጋ ተገልብጧል። መብራት በጠፋ ቀን ይህን በስልክ ባትሪ ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሌንሱ የሚጸዳበትና የሚያድርበት ፈሳሽ፣ ሶሉሽኑ፣ ሌላ ወጪ ነው። በየቀኑ አዲስ ይቀዳል፣ ያደረው ይደፋል፣ በላዩ ላይ አይጨመርም። ማስቀመጫውም በየ3 ወሩ መቀየር አለበት። አንድ መነጽር ቤት ሶሉሽን ሲያልቅበት «ሳላይንም ይሆናል» ብሎኝ ነበር። አይሆንም! የጨው ውሃ ያጥባል እንጂ ጀርም አይገድልም። ከዚያ ወዲህ እዚያ አልገዛም። ሁሉም ነገር ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ደግሞ፣ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋውን ለመገመት ይከብዳል።

አቧራውን የኛ ሰፈር ሰው ያውቀዋል። ከጥር እስከ መጋቢት ነፋሱ ካልተሠራው መንገድ ላይ ያነሳዋል። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ አንዲት ቅንጣት ሌንሱ ሥር ስትገባ ምን እንደሚሰማኝ እንዴት ልንገራችሁ? ዓይኔ በአንድ ጊዜ እንባ ይሞላል፣ ቆቤ ይርገበገባል፣ እጄ ወደ ዓይኔ ይሮጣል። ማሸት ግን አይቻልም። ቅንጣቷ በሌንሱ ተጭና ዓይንን ትቧጭራለች። መውለቅ ነበረበት። ግን ገንዘብ በቆጠረ፣ የታክሲ ብረት በጨበጠ እጅ እንዴት ይወልቃል? እስክወርድና ውሃና ሳሙና እስካገኝ ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ። ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቦርሳዬ ውስጥ መነጽር፣ ማስቀመጫና 60 ሚሊ ሊትር የሶሉሽን ጠርሙስ ሁልጊዜ አሉ። ከትልቁ ወደ ሌላ ዕቃ ቀድቶ መያዝ አይሞከርም፣ ንጽሕናው ይበላሻል።

ድርቀቱም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የበጋ አየሯ ደረቅ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጡ ደግሞ ዓይን የሚርገበገበው ጥቂት ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ሌንሱ መኖሩ ይሰማኝ ይጀምራል። ለሌንስ የተፈቀደ የዓይን ጠብታ ይረዳል፣ ያገኙትን ጠብታ ሁሉ ግን አይደለም። ማታ መንገድ ተዘግቶ ታክሲው ውስጥ ሁሉም ሲያንቀላፋ እኔ ነቅቼ ለመቆየት እታገላለሁ። ጥቁሩን የዓይን ክፍል ከፊት የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን የደም ሥር ስለሌለው ኦክስጅን የሚወስደው በዋናነት ከአየር ነው። ቆብ ሲከደን ያ ይቀንሳል፣ ሌንስ ሲጨመርበት ይብስበታል።

ጥምቀት ላይ ሌንስ አላደረግኩም። ጠበሉ ሲረጭ ፊቴን ማዞር አልፈልግም። ለዚያ ቀን መነጽር ይሻላል።

አሁን የደረስኩበት ይህ ነው። ለሠርግ፣ ለስብሰባ፣ ብዙ ለምራመድበት ቀን ሌንስ። ለሌላው መነጽር። ችግሩ ወርሃዊ ሌንስ እንዲህ ላለ አጠቃቀም አለመሠራቱ ነው። ከተከፈተ ጀምሮ 30 ቀን ይቆጠራል፣ ብታደርጉትም ባታደርጉትም። ስለዚህ አልፎ አልፎ ለሚያደርግ ሰው የአንድ ቀን ሌንስ ይሻላል፤ ማታ ይጣላል፣ ሶሉሽንም ማስቀመጫም አይፈልግም። በኔ ቁጥር ግን እስካሁን ጠይቄ ያገኘሁት በትእዛዝ ብቻ ነው።

ዓይናችሁ ቀልቶ ካመማችሁ፣ ብርሃን ዓይናችሁን ከወጋው ወይም እይታችሁ ከደበዘዘ ሌንሱን አውልቁና በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ሌንሱንና ማስቀመጫውን አትጣሉ፣ ሊመረመሩ ስለሚችሉ ይዛችኋቸው ሂዱ።

የያዝኩት ጥንድ ሲያልቅ ወርሃዊውን አልደግመውም። የአንድ ቀኑን አዝዣለሁ፣ እስኪመጣ በመነጽር እቆያለሁ።