የአኳሪየም ላቫ ድንጋይ፦ ለውሃው 120 ብር ከፈልኩ

ለልጄ ልደት አኳሪየም ገዛንላት። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 30 ነው። አሳዎቹ የሚሸሸጉበት ድንጋይ ያስፈልጋል ተባለና አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ የአሳ ሱቅ ሄድን። የሱቁን ስም አልጠራም።

ድንጋዩን «ላቫ» ይሉታል፤ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ቀይ ነው፣ ሲያነሱት ይቀላል፣ ልክ እንደ ጥሩ እንጀራ ዓይን በዓይን ነው። ሻጩ ልጅ ከገንዳ ውሃ ውስጥ እያወጣ ሚዛን ላይ ከመረው። ኪሎው 250 ብር። «ከውጭ የመጣ ነው፣ እናት» አለኝ። እኔ ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው። እዚያ ሬድ አሽ ብለን የምንጠራው፣ መንገድ የሚደለደልበት ድንጋይ አለ። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ የእሱ ነው። ከዚህኛው ጋር ቁርጥ አንድ ናቸው። ብቻ ዝም አልኩ። 3 ኪሎ፣ 750 ብር።

ቤት ስንደርስ ፌስታሉ ሥር ውሃ ተጠራቅሟል። ልጄ አየችውና «እማ፣ ውሃውንም መዝኖልናል እኮ» አለች። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ነገር አያልፋትም።

ድንጋዩን ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሰጣነው። ማታ ማታ እያስገባን በኬክ ሚዛኔ መዘንነው። በአምስተኛው ቀን መቀነሱን አቆመ፦ 2 ኪሎ ከ520 ግራም። 480 ግራሙ ውሃ ነበር ማለት ነው። በሱቁ ዋጋ 120 ብር። በዚህ ሒሳብ የቧንቧ ውሃ ከታሸገው በለጠ!

ልጄ በዚህ አልበቃትም። ደረቁን ድንጋይ ባልዲ ውስጥ ነከረችው። እየቆየች ታወጣለች፣ ላዩን በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ትመዝናለች። በአንድ ሰዓት 310 ግራም ውሃ ጠጥቷል። በ24 ሰዓት 410። ከሳምንት በኋላ 440፤ ከዚያ ወዲያ ፈቀቅ አላለም። ከደረቅ ክብደቱ 17 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ከ480ው የቀረው 40 ግራም ላዩ ላይ ሲንጠባጠብ የነበረው ይሆናል።

የሚገርመው፣ ቀዳዳው ሁሉ አይሞላም። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ ሠርቶ ነው ዓይን የሆነው። አንዳንዱ አረፋ ከጎረቤቱ ጋር ይገናኛል፤ አንዳንዱ ግን በር እንደሌለው ክፍል ዝግ ነው፣ ውሃ አይደርስበትም። ደግነቱ ይሄ ድንጋይ ገና ሲነከር ይሰምጣል። ተረከዝ የምንፈገፍግበት ነጣ ያለው ድንጋይ ቢሆን ውሃ እስኪጠግብ ድረስ ይንሳፈፍባችሁ ነበር።

ደረቁን በቀጥታ አኳሪየም ውስጥ ብትከቱት አትደንግጡ። የእኛን የሚያህል ገንዳ ላይ 440 ግራም ውሃ ማለት ከፍታው 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። መስታወቱ አፈሰሰ ብላችሁ ሌሊት እንዳትነሱ። ቡልቅ ቡልቅ የሚለውም ከቀዳዳው የሚወጣ አየር ነው። አቼቶ ጠብ አድርጌበት አልፈላም፤ ኖራ ቢኖርበት ይፈላ ነበር፣ ውሃውንም ከባድ፣ ማለትም ማዕድን የበዛበት፣ ያደርገው ነበር።

ድንጋዩ ራሱ ጥሩ ነው። አሳ የሚያወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ሻካራ ነገር ላይ መለጠፍ ይወዳሉ። ግን ብዙ ውሃ ስለጠጣ ብዙ ያጣራል ማለት አይደለም። ጥልቁ ውስጥ የተኛ ውሃ ካልተንቀሳቀሰ ኦክስጅን አያገኝም፣ እነሱ ደግሞ ያለ ኦክስጅን አይሠሩም። ሻጩ «ይሄ ካለሽ ፊልተር አያስፈልግሽም» ያለኝን እርሱት።

ከ120 ብሩ ይልቅ ያናደደኝ ሌላ ነው። ያ ገንዳ ውስጥ ምን ነበረበት? የታመመ አሳ? መድኃኒት? እንዲህ ያለ ድንጋይ የመዳብ መድኃኒት ከነካው ይዞ ይቆይና ቀስ እያለ ይለቃል። ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ደግሞ መዳብ ይገድላቸዋል። ስለዚህ ደረቁን ጠይቁ። ቤት ወስዳችሁ በብሩሽ እሹት፣ ሙቅ ውሃ አፍስሱበት። ድስት ውስጥ ጥዳችሁ ግን አትቀቅሉት፤ ውስጡ የታፈነው እንፋሎት ሊያፈነዳው ይችላል።

ለአራት ኮከብ የሚበቃ ድንጋይ ነው። ሱቁ ሁለት ይበቃዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ለመጨመር ተመልሰን ሄድን። «የኔ ልጅ፣ ዛሬ ደረቁን ነው የምፈልገው» አልኩት። ሳቀና ከጓዳ ጆንያ ጎትቶ አመጣ። «የደረቀው ግን 280 ነው፣ እናት።» ልከራከር ስል ልጄ እጄን ሳብ አደረገችኝ። ስልኳ ላይ ሒሳቡን ሠርታለች፦ ያኔ ለደረቁ ኪሎ የከፈልነው 297 ብር ከምናምን ነበር። አንድ ኪሎ አስመዘንን።