ሙዚቃ በዩኒቨርሲቲ፦ ቢ.ኤም.፣ ቢ.ኤ. ወይስ የሙዚቃ መምህርነት?

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖር ቤተሰብ ልጁ ሙዚቃ ልማር ሲለው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ዩኒቨርሲቲ?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን የዲግሪው ዓይነት ነው። በአንድ ሕንፃ፣ ምናልባትም በአንድ መምህር ሥር፣ ሦስት ዲግሪ ሊሰጥ ይችላል፤ የሚበሉት ሰዓት፣ የሚፈጁት ዓመትና የሚከፍቱት በር ግን ለየቅል ነው።

ባችለር ኦፍ ሚዩዚክ፣ ባጭሩ ቢ.ኤም.፣ ተጫዋች፣ ዘፋኝ ወይም የዜማ ደራሲ ለመሆን የሚያሠለጥን የሙያ ዲግሪ ነው። ቢ.ኤ.፣ ማለትም ባችለር ኦፍ አርትስ፣ ሙዚቃን እንደ ታሪክ ወይም እንደ ኢኮኖሚክስ አንድ የትምህርት ዘርፍ አድርጎ ያስተምራል። ሦስተኛው የሙዚቃ መምህርነት ነው፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስተማር ወደ ፈቃድ የሚያደርሰው እሱ ነው። በኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሦስቱንም ይሰጣል። ጆርጅ ሜሰን ቢ.ኤም.ም ቢ.ኤ.ም አለው። ባልቲሞር ያለው ፒቦዲ ኮንሰርቫቶሪ፣ ማለትም ለመድረክ ሙያ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት፣ ስለሆነ ዋና ዲግሪው ቢ.ኤም. ነው። ሃዋርድ ደግሞ በጃዝ ስሙ የገነነ ነው።

የአሜሪካ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው ማኅበር፣ ናስም፣ ባወጣው መሥፈርት 120 ክሬዲት ሲከፋፈል ይህን ይመስላል። ከመጀመሪያው ረድፍ በታች ያለው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ የተለመደውን ነው ያስቀመጥነው።

| | ቢ.ኤም. | ቢ.ኤ. | መምህርነት |
|---|---|---|---|
| የሙዚቃ ድርሻ | ቢያንስ 65 በመቶ፣ 78 ክሬዲት ገደማ | ከ30 እስከ 45 በመቶ፣ ከ36 እስከ 54 ክሬዲት | 50 በመቶ ገደማ፣ በላዩ ከ18 እስከ 24 ክሬዲት የመምህርነት ሙያ |
| ከመሣሪያ መምህር ጋር | በሳምንት 1 ሰዓት፣ 8 ሴሚስተር | ግማሽ ወይም 1 ሰዓት፣ ከ4 ሴሚስተር ጀምሮ | 7 ሴሚስተር |
| ሪሳይታል (የተማሪው የራሱ ኮንሰርት) | በ3ኛ ዓመት 30 ደቂቃ፣ በ4ኛ 60 ደቂቃ | የለም ወይም በፈቃድ | አንድ አጭር |
| ሁለተኛ ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) | እጅግ ከባድ | ይቻላል | አይመከርም |

ሠንጠረዡ የማያሳየው ሰዓቱን ነው። የአንደኛ ዓመት የቢ.ኤም. ተማሪ ሳምንት ቴዎሪ (የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ) 3 ሰዓት፣ የጆሮ ሥልጠና 2፣ ክላስ ፒያኖ (በቡድን የሚሰጥ የፒያኖ ትምህርት) 2፣ ከመሣሪያ መምህሩ ጋር 1፣ ኦርኬስትራ ወይም ባንድ 5፣ የተማሪዎች ኮንሰርት 1 ነው። ተደምሮ 14 ሰዓት ይሆናል። በወረቀት ላይ ግን 9 ክሬዲት ብቻ ነው፤ ኦርኬስትራው 5 ሰዓት ወስዶ 1 ክሬዲት ይሰጣል፣ ኮንሰርቱ ዜሮ ክሬዲት ሆኖ ካልተሟላ አያስመርቅም። በዚህ ላይ በቀን 3 ሰዓት ልምምድ ሲታከል ሳምንቱ 35 ሰዓት ይደርሳል፣ እንግሊዝኛውና ሒሳቡ ገና ሳይነኩ። እየሠራ የሚማር ልጅ እዚህ ጋ ይወድቃል፦ የማታ ፈረቃና የማታ ኮንሰርት አንድ ላይ አይሄዱም፣ አለቃውም የኦርኬስትራውን መሪ አያውቀውም። ሥራ የግድ ከሆነ ቢ.ኤ.ው ይሻላል። ምክንያቱ ቀላል መሆኑ አይደለም፤ በየሴሚስተሩ የሚጠይቀው የኦርኬስትራ ወይም የባንድ ሰዓትና ልምምድ ያነሰ ስለሆነ ነው።

ሦስቱም ዲግሪዎች የሚጋሩት አንድ ሰንሰለት አለ፤ ከየትኛውም ነገር በላይ ተማሪ የሚያዘገየውም እሱ ነው። ቴዎሪና የጆሮ ሥልጠና በተከታታይ አራት ሴሚስተር ይሰጣሉ። በብዙ ትምህርት ቤት አንደኛው የሚጀመረው በመስከረም ብቻ ነው። አንዱን የጣለ ተማሪ የሚቀጥለውን መስከረም ይጠብቃል፤ አራት ዓመቱ አምስት ሆነ ማለት ነው። ከዚህም በፊት የምደባ ፈተና አለ። ፈተናውን ያላለፈ ፈንዳሜንታልስ የሚባል የመሠረት ኮርስ ይወስዳል፣ ይህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለሜጀሩ አይቆጠርም። ገንዘብ ተከፍሎበት ወደ ዲግሪው የማያስጠጋ ኮርስ ነው።

የእኛ ልጆች የሚደናቀፉበት ቦታ የታወቀ ነው። በመዝሙርና በዘፈን ያደገ ልጅ አንድ ዜማ አንዴ ሰምቶ መልሶ ያዜማል፤ የሰሙትን ዜማ በኖታ በመጻፍ ፈተና ከክፍሉ ቀዳሚ ሊሆን ይችላል። ፕሮፌሰሩ ኮርዶችን፣ ማለትም አራት ድምፆች አብረው የሚሰሙባቸውን፣ በተከታታይ ሲጫወትና «ባሱን (የታችኛውን ድምፅ) ጻፉ» ሲል ግን እርሳሱ ይቆማል። ያደገበት ሙዚቃ በአንድ የዜማ መስመር የሚሄድ ነውና ጆሮው የሚይዘው ላይኛውን ድምፅ ነው። ሌላም አለ። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋና ሲ የሉበትም። የምዕራቡ ሃርመኒ ደግሞ ውጥረቱን የሚፈጥረው በእነዚሁ በሁለቱ ነው፦ በዶሚናንት ሰባተኛ ኮርድ (ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ) ውስጥ ሲ ወደ ዶ፣ ፋ ወደ ሚ ይሳባሉ። ይህ ስበት ከልጅነት በጆሮ ካልገባ፣ ኮርዱን ከተራው ትሪያድ (ባለ ሦስት ድምፅ ኮርድ) መለየት ሳምንታት ይፈጃል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ ከትምህርት በፊት ያለውን ክረምት ግን ይጠይቃል። ለስምንት ሳምንት በቀን 40 ደቂቃ፦ መጀመሪያ በትሬብልና በባስ ክሌፍ (የላይኛውና የታችኛው የኖታ ምልክት) ኖታ ማንበብ፣ የ15ቱን ሜጀር ቁልፎች ሻርፕና ፍላት በቃል መያዝ፣ ኢንተርቫሎችን (በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ርቀት) እና ትሪያዶችን መጻፍ። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ፒያኖ ላይ 1፣ 4፣ 5፣ 1 ኮርድ (በስኬሉ 1ኛ፣ 4ኛና 5ኛ ድምፅ ላይ የሚሠሩትን) እየመቱ የእያንዳንዱን ሥር ድምፅ በአፍ ማዜም። ዜማውን ሳይሆን ሥሩን። ይህቺ አንዷ ልምምድ ጆሮን ወደ ባስ ታወርዳለች። የአምባሰልንና የአንቺሆዬን ቅኝት የሚያውቅ ልጅ በኋላ፣ ስለ ሞዶች (የስኬል ዓይነቶች) ሲማር፣ ግማሽ እርምጃዎችን ከሌላው ቀድሞ ይለያል፤ ጥቅሙ ይመጣል፣ በአንደኛው ሴሚስተር ግን አይደለም።

ወደ ኦዲሽን፣ ማለትም ተጫውቶ ወይም አዚሞ ወደሚፈተኑበት የመግቢያ ፈተና፣ እንምጣ። ለቢ.ኤም. እና ለመምህርነት ግዴታ ነው፣ ለቢ.ኤ. በአንዳንዱ ቀለል ያለ፣ በሌላው እኩል ከባድ ነው። በብዙ ቦታ የቪዲዮ ማጣሪያው እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ይላካል፣ የፊት ለፊቱ በጥርና በየካቲት ይደረጋል፤ ወራቱን በፈረንጁ አቆጣጠር ይቁጠሯቸው። ለፒያኖ የተለመደው አንድ የባኽ ፕሬሉድና ፉግ፣ የአንድ ክላሲካል ሶናታ ፈጣን ክፍልና አንድ የሮማንቲክ ወይም የዘመናዊ ድርሰት ነው፣ ሁሉም በቃል። ለድምፅ ሁለት ወይም ሦስት ዘፈኖች፣ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በጣሊያንኛ። ለጃዝ አንድ ብሉዝ፣ አንድ ባላድና አንድ ፈጣን ቁራጭ ከነኢምፕሮቫይዜሽኑ።

ክራር፣ ማሲንቆ ወይም በገና በአብዛኛው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ዋና መሣሪያ ሆኖ አይቀርብም፤ የሚያስተምረውም የሚፈትነውም ስለሌለ ነው። በማሲንቆ የተካነ ልጅ «ቫዮሊን ይቀለዋል» ሲባል ይሰማል። አይቀለውም። ማሲንቆ ባለ አንድ ጅማት ነው፣ የቀስቱም የግራ እጁም አያያዝ ሌላ ነው። ጥሩ ድምፅ ካለው በድምፅ ቢገባ ያዋጣዋል። በሠርግ ባንድ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅም ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ባለ 61 ቁልፉ ቀላል ኪቦርድ ጣት አያጠነክርም፣ ትራንስፖዝ የሚለው፣ ዜማውን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው አዝራርም፣ ሁሉንም ዜማ ከአንድ መነሻ ድምፅ ብቻ መጫወት ያስለምዳል። ኦዲሽን ቤት ያ አዝራር የለም። ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ክብደት ያለው ባለ 88 ቁልፍ ዲጂታል ፒያኖ ይገዛ፤ ለክላሲካል ካልደረሰም በጃዝ ፒያኖ ይሞክር።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የመግቢያ ፈቃዱ ሁለት ነው፦ አንዱ የዩኒቨርሲቲው፣ አንዱ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣ ቤቱ በእልልታ ይሞላል፤ ሁለተኛው እንቢ ሊል ይችላል። አንዳንዴም ቢ.ኤም. ከልክሎ ቢ.ኤ. ይሰጣል። ይህ ውርደት አይደለም፤ ለብዙ ተማሪ ቀድሞ መምረጥ የነበረበት እሱ ነው።

ሁለቱንም ያገኘ ግን በየትኛው ይጀምር? ከቢ.ኤም. ወደ ቢ.ኤ. መውረድ ቀላል ነው፣ የተወሰዱት ኮርሶች ምርጫ ሆነው ይቆጠራሉ። ከቢ.ኤ. ወደ ቢ.ኤም. ለመውጣት አዲስ ኦዲሽን ያስፈልጋል፣ የጎደሉት ሴሚስተሮችም ይከፈላሉ። ስለዚህ በቢ.ኤም. ጀምር የሚሉ አማካሪዎች አሉ። ምክሩ የሚሠራው ሁለተኛ ሜጀር ለማያስብ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ነርሲንግ ጎን ለጎን የሚፈልግ ልጅ በቢ.ኤም. ከጀመረ የካልኩለሱና የኬሚስትሪው ቅደም ተከተል ከእጁ ያመልጣል፤ እሱም እንደ ቴዎሪው ሰንሰለት ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ ከመጀመሪያውም ቢ.ኤ. እንመርጣለን።

የኢትዮጵያን ሙዚቃ ማጥናት ለሚፈልግም መንገዱ ቢ.ኤ. ነው። ኢትኖሚዩዚኮሎጂ፣ የሕዝቦችን ሙዚቃ ከባህላቸው ጋር የሚያጠናው ዘርፍ፣ በአሜሪካ በአብዛኛው የማስተርስና የዶክትሬት ትምህርት ነው፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ የሚሰጡት እንደ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ያሉ ጥቂቶች ናቸው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ዶክተር አሸናፊ ከበደ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ዶክትሬታቸውን ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ያገኙት በዚህ ዘርፍ ነው። ለማስተርስ የሚጠየቀው የጽሑፍ ችሎታና ቋንቋ ነው። በቢ.ኤ. አንትሮፖሎጂና አንድ ቋንቋ ለመጨመር ቦታ ይገኛል፤ በቢ.ኤም. አይገኝም።

መምህርነቱን ብዙ ቤተሰብ ዝቅ አድርጎ ያየዋል። እኛ በተቃራኒው ነን፤ ከሦስቱ ወደ ቋሚ ደመወዝና የጤና መድን በቀጥታ የሚያደርሰው እሱ ነው። ሮበርታ ፍላክ በ15 ዓመቷ ሃዋርድ ገብታ የተመረቀችው በሙዚቃ መምህርነት ነው፤ ስሟ ከመግነኑ በፊትም በዲሲ ትምህርት ቤቶች አስተምራለች። ዋጋው ግን በመጨረሻው ዓመት ይመጣል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ጠዋት ትምህርት ቤት እየገቡ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ፣ ማስተማር ግዴታ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሌላ ኮርስም የቀን ሥራም አይታሰብም። ከዚያ በፊት ደግሞ የነሐስ፣ የእንጨት፣ የጅማትና የምት መሣሪያዎችን እያንዳንዳቸውን ጀማሪ ለማስተማር በሚያበቃ ልክ ይማሯቸዋል። የመዘምራን ወይም የባንድ መሪ ለመሆን ፍላጎት የሌለው ልጅ እዚህ ባይገባ ይሻላል፤ ሥራው በአብዛኛው ይኸው ነውና።

ወጪ ለመቀነስ ሁለት ዓመት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያው) መማር ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በሙዚቃ ግን ወጥመድ አለበት። 60 ክሬዲቱ ይዛወራል፤ የቴዎሪ ደረጃን የሚወስነው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የምደባ ፈተና ነው፣ የመሣሪያ ደረጃውን ደግሞ ኦዲሽኑ። 60 ክሬዲት ይዞ በሁለተኛው ሴሚስተር ቴዎሪ የተመደበ ልጅ ሦስት ዓመት ገደማ ይቀረዋል። ይህን ለማስቀረት አራቱንም የቴዎሪና የጆሮ ሥልጠና ሴሚስተሮች እዚያው ይጨርስ፣ የመሣሪያ ትምህርትና ኦርኬስትራ ወይም መዘምራን አንድም ሴሚስተር አይዝለል፣ ሲላበሱን (የኮርሱን ዝርዝር ዕቅድ) እና የታረሙ ፈተናዎችን ይያዝ። የምደባው ውጤት ዝቅ ሲል የሚከራከሩት በእነዚህ ወረቀቶች ነው።

የሙዚቃ ስኮላርሺፕ የሚሰጠው በኦዲሽኑ ውጤት ነው፣ ሁኔታም አለው፦ በየሴሚስተሩ በተመደቡበት ኦርኬስትራ ወይም መዘምራን መገኘትና የተወሰነ ነጥብ መያዝ። ኦርኬስትራውን ያቋረጠ ገንዘቡንም ያጣል። ለስንት ሴሚስተር እንደሚታደስ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ «እስከ ስምንት» እና «በየዓመቱ ይታያል» የተለያዩ መልሶች ናቸው።

ቅጽ ከመሙላት በፊት ለዲፓርትመንቱ ሦስት ጥያቄ የያዘ ኢሜይል ይላኩ፦ የዚህ ዲግሪ የስምንት ሴሚስተር እቅድ ይላክልን፤ ቴዎሪ አንድን የጣለ መቼ ይደግማል፤ መሣሪያውን የሚያስተምረው ፕሮፌሰሩ ነው ወይስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ። ከዚያ ከኦዲሽኑ በፊት ባለው መኸር ከመምህሩ ጋር አንድ የሙከራ ትምህርት ይጠየቅ። አንዳንዱ በነፃ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ያስከፍላል። ተማሪው የኦዲሽን ድርሰቱን ይዞ ይግባ፤ መምህሩ የእጅ አቀማመጡን አርሞት እዚያው ከሰላሳ ደቂቃ በኋላ ለውጥ ከተሰማ፣ ዩኒቨርሲቲው በዝርዝሩ አናት ይቀመጥ።