ሶፎኒስባ ወይስ ላቪኒያ፦ በየትኛዋ ልጀምር?

የአውሮፓ ህዳሴ ዘመን ሴት ሠዓሊያንን ማጥናት የጀመረ ሰው በእነዚህ ሁለት ጣሊያናውያን መካከል ያመነታል።

ኑሮ፦ ሶፎኒስባ አንጉሶላ የክሬሞና ባላባት ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1559 ጀምሮ የስፔን ንግሥት ደንገጡር ሆነች። ላቪኒያ ፎንታና ግን በቦሎኛ በትእዛዝ እየሣለች፣ 11 ልጆች ወልዳ ቤተሰቧን በብሩሿ አስተዳደረች።

ርእስ፦ ላቪኒያ የመሠዊያ ሥዕልና እርቃን ገላ ደፍራለች። ሶፎኒስባ በአብዛኛው የሰው ምስል ነው የሣለችው። ግን በ1555ቱ የቼዝ ጨዋታ ሥዕሏ ታናሿ እህት በተጫዋቿ ሁኔታ ስትስቅ፣ አገልጋይቱ ከጎን ቆማ ስታይ ተመልከቱ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ሕያው የቤተሰብ ሥዕል ብርቅ ነው።

ሥዕሉ የማን እንደሆነ ማጣራት፦ ሶፎኒስባ ታስቸግራለች። በማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ያለው፣ እሷ የሣለችው የስፔን ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊጶስ ምስል ለረጅም ጊዜ የወንድ ሠዓሊ ሥራ ተብሎ ኖሯል። ላቪኒያ ብዙ ሥዕሎቿ ላይ ስሟን ጽፋለች።

ፊት ማንበብ ለሚወድ ሶፎኒስባ፤ ሴት በሥዕል ሙያ እንዴት እንደኖረች መረዳት ለሚፈልግ ላቪኒያ ትሻላለች።