ዙም ኤች1ኤን ወይስ ታስካም ዲአር-05ኤክስ?

ዙም ኤች1ኤን እና ታስካም ዲአር-05ኤክስ ትናንሽ የድምፅ መቅረጫ መሣሪያዎች ናቸው። የሁለቱን መግለጫ ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ልዩነታቸው ብዙም አይታየውም። ሁለቱም ኪስ ይገባሉ፣ ሁለቱም እስከ 24 ቢት በ96 ኪሎኸርዝ (ቁጥሮቹ የቀረጻ ጥራት መለኪያ ናቸው) ይቀርጻሉ፣ ሁለቱም ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ይጠቀማሉ። መምረጫው አናታቸው ላይ ያለው ማይክ ነው።

የኤች1ኤን ማይኮች በ90 ዲግሪ የተሻገሩ ናቸው፤ ከፊት ያለውን አጉልተው ከኋላ ያለውን ያሳንሳሉ። የዲአር-05ኤክስ ማይኮች ግን ድምፁ ከየትም ይምጣ እኩል ይቀበላሉ። ስለዚህ ጠረጴዛ ከበው ለሚወያዩ ሰዎች ታስካም ይሻላል፤ መሃል ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። አንድ ዘፋኝ ከነጊታሩ ለመቅረጽ፣ ወይም ታዳሚው በሚንጫጫበት አዳራሽ መድረኩን ለመያዝ ደግሞ ዙም ይመረጣል። ማሚቶ በበዛበት ክፍል ታስካምን ይበልጥ ማስጠጋት ግድ ነው።

ከየትኛውም ምርጫ በላይ ውጤቱን የሚወስነው ርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ያህል ይወርዳል፤ የክፍሉ ማሚቶ ግን ያው ነው። ለንግግር ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር፣ ለአንድ የሙዚቃ መሣሪያ 1 ሜትር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። አርቆ አስቀምጦ የመቅረጫ መጠኑን ከፍ ማድረግ አያዋጣም፤ የሁለቱም ማይኮች የራሳቸው የ«ሽሽ» ድምፅ አብሮ ይወጣል።

የመቅረጫ መጠኑን ከፍተኛው ድምፅ −12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ አድርጎ ማስተካከል ነው፤ 0 ድምፁ የሚሰነጠቅበት ጣሪያ ነው። በ24 ቢት ይህ በቂ መተንፈሻ ይተዋል። ለሙዚቃ መጠኑን በራሱ የሚያስተካክለውን አውቶማቲክ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ካልጠፋ ለስላሳውን ክፍል እየጎተተ ያወጣና ኃይለኛው ሲመጣ ይደፍቀዋል፣ የዜማው መውጣትና መውረድ ይጠፋል። የኤች1ኤን ትልቁ በጎነት እዚህ ላይ ነው፦ ከ0 እስከ 10 የሚዞረው መጠን ማስተካከያ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ማንም በአንድ እይታ ያውቀዋል።

ድክመቱ ፕላስቲክ አካሉ ነው። በእጅ ሲያዝ የጣት ፍትጊያ ሁሉ ይቀረጻል፤ በትራይፖድ ላይ መስቀል ይገባል። ደጅ ደግሞ ፀጉራም የንፋስ መከላከያ ያስፈልጋል፤ ስፖንጁ ለቤት ውስጥ ትንፋሽ እንጂ ለንፋስ አይበቃም።

ብዙ ቀረጻ የሚበላሸው መቅረጫው ከሚክሰር (የብዙ ማይኮችን ድምፅ ከሚያቀላቅለው መሣሪያ) ጋር ሲያያዝ ነው። የሚክሰሩ መውጫ ለማይክ መግቢያ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ መጠኑ ዝቅ ቢደረግም ድምፁ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ድምፅ የሚቀንስ ገመድ መጠቀም ነው። ሌላም አለ፦ ባለ ሦስት ፒኑን የሚክሰር መውጫ በተራ መለወጫ ገመድ ወደ ስቴሪዮ መግቢያ ቢሰኩት ግራና ቀኙ ተቃራኒ ሆነው ይቀረጻሉ። በማዳመጫ ይሰማል፤ አንድ ስፒከር ባለው ስልክ ሲከፈት ግን ሁለቱ ተጣፍተው ድምፁ ይሰወራል። መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን ቻናል ብቻ ማስቀረት ነው።

በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ የተቀረጸ የ1 ሰዓት ስቴሪዮ ዋቭ ፋይል 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ኤች1ኤን እስከ 32 ጊጋባይት ካርድ ይቀበላል፣ ታስካሙ እስከ 128። ባትሪው ለዙም 2 ቀጭን ኤኤኤ፣ ለታስካም 2 ኤኤ ነው፤ ረጅም ስብሰባ ላይ ታስካሙ ይበልጣል። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ከተገባ ዓይነቱን በሜኑ መምረጥ ይገባል፣ አለዚያ የቀረውን መጠን የሚያሳየው ምልክት ያሳስታል። ካርዱን ለማውጣት መጀመሪያ የቀረጻ ማቆሚያውን ቁልፍ መጫን፤ ፋይሉ ሳይዘጋ የወጣ ካርድ ቀረጻውን ላይከፍተው ይችላል።

መጠን ማስተካከል ጨርሶ ለማይፈልግ ሰው በ2024 የወጣው ዙም ኤች1ኢሴንሻል አለ። በ32 ቢት ፍሎት ስለሚቀርጽ ድምፁ አንሶም ሆነ በዝቶ ቢገኝ በኋላ በኮምፒውተር ይስተካከላል። ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ሲጮኽበት የሚፈጠረውን መሰንጠቅ ግን አይመልሰውም፤ ከበሮ አጠገብ እሱም ቢሆን ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት።