ስኪንክ ፍለጋ በአርባ ምንጭ፦ የአንድ ሎጅ የእግር ጉብኝት ሲገመገም

ባለፈው ኅዳር በአርባ ምንጭ ያለ አንድ ሎጅ «ወፎችና ተሳቢ እንስሳት» በሚል ስም የሚያዘጋጀውን የሁለት ሰዓት የእግር ጉብኝት ከእናቴ ጋር ተካፍዬ ነበር። የተመዘገብኩት ለወፎቹ ሳይሆን ትራኪሌፒስ ስትሪያታ ለተባለችው ስኪንክ ነው፤ ቆዳዋ እንደተወለወለ የሚያብረቀርቅ፣ በቡናማ ጀርባዋ ግራና ቀኝ ሁለት ፈዛዛ ቢጫ መስመሮች ከራሷ እስከ ጅራቷ የሚወርዱባት እንሽላሊት ናት።

ቅሬታዬን ላስቀድም። ጉብኝቱ የሚጀመረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱ ለወፍ ተመልካች ቢመችም፣ የሰውነቷን ሙቀት ከፀሐይ የምታገኝ እንስሳ በዚያ ብርድ ከተደበቀችበት ስንጥቅ ስለማትወጣ፣ የመጀመሪያውን ሰዓት ባዶ ግንድና ባዶ ካብ ስናይ ጨረስነው። ለእንግዳ የሚታደለው ወረቀት ደግሞ እንሽላሊቶች ሁሉ እንቁላል እንደሚጥሉ ይናገራል፤ ይህ ስህተት ነው። ብዙ ስኪንኮች እንቁላል ቢጥሉም ይህችኛዋ ግን ልጆቿን በሆዷ አሳድጋ ትወልዳለች። በ400 ብር ክፍያ ቢያንስ ወረቀቱ ሊታረም ይገባ ነበር።

ጉብኝቱን ያዳነው አስጎብኚው ነው። ሰዓቱ ቢያልቅም ተጨማሪ ክፍያ ሳይጠይቅ ወደ ወጥ ቤቱ ጀርባ ወሰደን፤ ፀሐይ ያረፈበት የድንጋይ ካብ ላይ አንዲት ስኪንክ ሆዷን ከድንጋዩ አጣብቃ ስትሞቅ አገኘናት። በባይኖኩላሩ ስመለከት ሁለቱ መስመሮች ጅራቷ መካከል ላይ ድንገት ቆመው፣ ከዚያ በታች ያለው ወጥ ቡናማ ሆኖ ታየኝ። አስጎብኚው እንዳስረዳው፣ አዳኝ ሲይዛት ጅራቷን ቆርጣ ጥላ አምልጣለች፤ አዲስ የበቀለው ክፍል በውስጡ አጥንት ሳይሆን ልም አጥንት ነው ያለው። ቀጥሎ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ አስፍቶ የታችኛውን የዓይን ቆብ አሳየን፤ መካከሉ እንደ መስኮት ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ ዓይኗን ጨፍናም ማየት ትችላለች። እኔ ለብዙ ዓመት በቤት ግድግዳ ላይ ሳያት ይህን ልብ ብዬ አላውቅም።

መርዘኛ መስላት አሥር እርምጃ ርቃ የቆመችውን እናቴን፣ «እማማ፣ መርዝ የላትም፤ ይልቅ በረሮ ትለቅምልዎታለች» አላት። እናቴ ሁለት እርምጃ ቀረበች። የስኪንክ ዝርያ መርዝ እንደሌለው እውነት ነው፤ ይህችኛዋም ከጥንዚዛ፣ ከፌንጣና ከሸረሪት ውጪ የምታስቸግረው የላትም። ይህን ማስረዳት ከወረቀቱ ሁሉ ይልቃል።

ሎጁ ለወፍ ወዳድ እንዳለ ይበቃል። ስኪንክ ለማየት የምትሄዱ ግን ቦታ ስትይዙ ጉብኝቱ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ እንዲጀመርላችሁና ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለው ካብ እንዲነሳ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ወረቀቱን ባትቀበሉም ምንም አይቀርባችሁም።