የቢቢሲ የመደብ ማስያ፦ ምኑን ይለካል፣ ምኑን ይስታል

በብሪታንያ መካከለኛ ገቢና መካከለኛ መደብ አንድ አይደሉም። የራሱን ሥራ የሚሠራ የቧንቧ ባለሙያ ከአንዲት መምህርት የበለጠ ሊያገኝ ይችላል፤ መካከለኛ መደብ የምትባለው ግን እሷ ናት። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2013 በነፃ ያቀረበው የመደብ ማስያ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚሞላ መጠይቅ፣ ይህን ስለሚረዳ ደመወዝ ጠይቆ ብቻ አይተውም። ገንዘብን፣ ትውውቅንና የባህል ዝንባሌን አንድ ላይ መዝኖ ከሰባት መደቦች በአንዱ ይመድባል።

በአሞላሉ ላይ ስህተት የሚበዛው ገቢ ላይ ነው። የሚፈለገው ከግብር በኋላ በእጅ የሚገባው፣ ያውም የመላው ቤተሰብ ገቢ ነው፤ የራስን ጥቅል ደመወዝ ያስገባ ሰው ውጤቱ ይዛባል። ትውውቅ ሲባልም ማኅበራዊ ቅርበት ማለት ነው። ጠበቃ፣ ነርስ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ የጭነት መኪና ሹፌር እያለ ሲዘረዝር፣ ለጉዳይ ቢሮው የሄዳችሁበት ጠበቃ አይቆጠርም። በባህል በኩል ደግሞ ኦፔራና ሙዚየም ብቻ ሳይሆኑ ጂም፣ የቪዲዮ ጨዋታና ራፕም ዋጋ አላቸው።

የማስያው ትልቁ ብልሃት መካከለኛውን ለሁለት መክፈሉ ነው። ከሕዝቡ ከመቶ 25 የሚሆነው ነባሩ መካከለኛ መደብ በአማካይ 47,000 ፓውንድ የቤተሰብ ገቢና 26,000 ፓውንድ ቁጠባ ነበረው። ከመቶ 6 የሆነው ቴክኒካል መካከለኛ መደብ ገቢው 37,000 ገደማ ቢሆንም ቁጠባው 66,000 ደርሶ ነበር። የሚለያቸው ኪስ ብቻ አይደለም፤ የሁለተኛው የትውውቅ ክብ ጠባብ ነው፣ የባህል ተሳትፎውም ዝቅተኛ። ይህን በደመወዝ ብቻ የሚመድብ መለኪያ ፈጽሞ አያሳይም።

መረጃውም በጥንቃቄ ተይዟል። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁራኑ ማይክ ሳቬጅና ፊዮና ዲቫይን የመሩት፣ ማስያው የተመሠረተበት ጥናት እ.ኤ.አ. በጥር 2011 በኢንተርኔት ሲከፈት ከ161,000 በላይ ሰዎች ሞሉት። መላሾቹ ግን ወደ ባለሀብቱና ወደ ተማረው ስላደሉ፣ 1,026 ሰዎች በአካል እንዲጠየቁ ተደረገ።

አንዱ ድክመት ዕድሜና መደብ መደባለቃቸው ነው። ከሰባቱ መደቦች "አዳጊ የአገልግሎት ሠራተኞች" የተባሉት አማካይ ዕድሜያቸው 34 ሲሆን፣ የነባሩ ሠራተኛ መደብ 66 ነው። ስለዚህ ለንደን ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ሥራ የጀመረች ወጣት ጠበቃ ዝቅ ብላ ልትመደብ ትችላለች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ቤት ስትገዛ መደቧ የተቀየረ ይመስላል። ማስያው የሚጠይቀው የቤት ዋጋም እንዲሁ ያሳስታል፤ በለንደን ጠባብ አፓርታማ የሚገዛ ገንዘብ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ባለችው ሰንደርላንድ ሰፊ ቤት ይገዛል።

ከዚህ የሚከፋው አስተዳደግን መዝለሉ ነው። እንግሊዞች መደብን የሚያውቁት በአነጋገር ዘዬ፣ በተማሩበት ትምህርት ቤት፣ በእራት ስም ሳይቀር ነው፤ በተለይ በሰሜን ሠራተኛው "ቲ" የሚለውን መካከለኛው "ዲነር" ወይም "ሰፐር" ይለዋል። በ2016 በወጣው የብሪታንያ ማኅበራዊ አመለካከት ጥናት ከመቶ 60 ሰዎች ራሳቸውን ሠራተኛ መደብ ብለዋል፤ በሥራ አመራርና በሙያ ሥራ ላይ ካሉት እንኳ ከመቶ 47። ቧንቧ ሠራተኛ አባት ያሳደገው ሐኪም ራሱን እንዲህ ቢጠራ ማስያው ምክንያቱን ሊነግረን አይችልም።

ለመቅጠሪያ ወይም ለዩኒቨርሲቲ መመልመያ መለኪያ የሚፈልግ ተቋም ይህን ማስያ ባይጠቀም እመክራለሁ። ሰዎች ከተወለዱበት መደብ ወደ ሌላ የመሸጋገር ዕድላቸውን የሚከታተለው የብሪታንያ የማኅበራዊ እንቅስቃሴ ኮሚሽን የሚመክረው አንድ ጥያቄ ይሻላል፦ 14 ዓመት ገደማ ሳላችሁ ቤተሰቡን በዋናነት የሚያስተዳድረው ሰው ሥራው ምን ነበር?