ኮንራድ ወይስ አቼቤ?

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆሴፍ ኮንራድና ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ ሁለቱም በልብ ወለዶቻቸው በአፍሪካ የነበረውን ቅኝ ግዛት ያጋልጣሉ፤ የቆሙበት ቦታ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ጆሴፍ ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1890 በእንፋሎት ጀልባ ኮንጎ ወንዝ ላይ ሠርቷል። ኮንጎ ያኔ በቤልጅየሙ ንጉሥ በሊዮፖልድ 2ኛ እጅ ነበር። በ1899 የወጣው ልብ ወለዱ «የጨለማ ልብ» ሥልጣኔ እናመጣለን ባዮቹ የዝሆን ጥርስ ሲያግበሰብሱ ያሳየናል፤ የፈረንሳይ የጦር መርከብ ማንም የማይታይበትን ጫካ ዝም ብሎ በመድፍ ሲደበድብ፣ ጉልበታቸው ያለቀ ሠራተኞች ደግሞ ዛፍ ሥር ተጋድመው ሞታቸውን ሲጠብቁ። አንጀት ይበላል። ግን አፍሪካውያኑ ስም የላቸውም፣ አንድ ሁለት ጊዜ ካልሆነ አይናገሩም። አቼቤ በ1975 ባደረገው ንግግር ኮንራድን ዘረኛ ያለውም ለዚህ ነው፤ እኔም እስማማለሁ።

ቺኑዋ አቼቤ በ1958 ባሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» ነገሩን ከውስጥ ይጀምረዋል። ነጮቹ ከመድረሳቸው በፊት ብዙ ምዕራፍ ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከኦኮንኮ ጋር ኡሙኦፊያ በተባለው መንደሩ ውስጥ እንኖራለን፤ እርሻው፣ ትግሉ፣ ሽምግልናው፣ ቤተሰቡ ሁሉ አለ። የኦኮንኮን ወገን፣ የናይጄሪያውን የኢግቦ ማኅበረሰብ ግን አያሽሞነሙነውም፤ መንታ ሕፃናት ጫካ ይጣላሉ፣ ሚሲዮኖቹም መጀመሪያ የሚያገኙት ማኅበረሰቡ የገፋቸውን ሰዎች ነው። ስለዚህ ያ ኑሮ ሲፈርስ ምን እንደፈረሰ በደንብ እናውቃለን። መጨረሻ ላይ እንግሊዛዊው አስተዳዳሪ የኦኮንኮ ታሪክ ለሚጽፈው መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ይወጣዋል ብሎ ያስባል፤ እኛ ግን መጽሐፍ ሙሉ አንብበናል! ከዚህ የበለጠ ክስ አላውቅም።

አንዱን ብቻ የምታነቡ ከሆነ አቼቤን አንብቡ። ሁለቱንም ከቻላችሁ ደግሞ ከኮንራድ ጀምሩ፤ አቼቤ ምን እንደሞላ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።